ከምድጃዋ ድመት ጀምሩ

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ጠመኔ ጨብጣችሁ ትንንሽ ልጆች ፊት ለምትቆሙ ወጣቶች ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬን ያስተማርኩት እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ነው። ስለ እንስሳት ማስተማር ቀላል ይመስላል አይደል? ለእኔም ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከወፍ ዋሻ ደን ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት አንድ ትልቅ ሥዕል ሰቅዬ «ይህ ነብር ነው» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠ እረኛ ልጅ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ይሄ ነብር አይደለም» አለኝ። ቁጭ በል አልኩት፤ ቆጣም ብያለሁ። ለካስ ሥዕሉ የታይገር ነው፤ ሰውነቱ መስመር መስመር ያለው፣ አገሩ እስያ የሆነ፣ አፍሪካ ጫካ ውስጥ ጨርሶ የማይገኝ። የኛ ነብር ዝንጉርጉር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እንኳ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ ስንቴ ሲነበብ ሰምቻለሁ! ልጁ ነብርን የሚያውቀው ከሥዕል ሳይሆን በግ ነጥቆት ሲሄድ አይቶ ነው። በማግሥቱ ክፍሉ ፊት «ልክ ነበርክ» አልኩት። ማታውን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ምድጃ ዳር ከተኛችው ድመት ሆነ። ቤታችሁ ሂዱና ጣቶቿን ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ከፊት በየእግሯ አምስት፣ ከኋላ አራት አራት ናቸው። ብሌኗ በቀን ብርሃን እንደ ጭድ ቀጥኖ ሲመሽ እንዴት እንደሚሰፋ እዩ። ስትራመድ ጥፍሯ የት ይገባል? አይጥ ስታደባ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ የምትለው ለምንድን ነው? ከብሌኑ በቀር ይህን ሁሉ ነብርም ያደርገዋል፤ የነብር ብሌን ሲጠብም ክብ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውን ሁሉም ከአያቱ ሰምቶታል፤ እናንተ ምክንያቱን ጨምሩበት።

ምክንያቱም ጎተራው ውስጥ አለ። ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው አርሶ እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጡን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። እንደ በሬ አጥምዶ ያላመዳት የለም፤ ሰውና ድመት ቀስ በቀስ ተለማመዱ እንጂ። የመንዝ ልጅ ገብስ ያለበት ጎታ አጠገብ አይጥ ሲንጫጫ እየሰማ ነው የሚያድገው፣ ይህን ለማስረዳት ሥዕል አያስፈልግም።

የዱሯ ድመት ደግሞ ዛሬም አለች። ግራጫ ናት፣ እግሯ ረዘም ይላል፣ ጅራቷ ጥቁር ቀለበት አለው፣ ጫፉም ጥቁር ነው። ከሩቅ የጎረቤት ድመት ትመስላለች። ጓሳ በሚባለው የመንዝ ሣር ሜዳ ላይ ደግሞ አነር የሚባል የድመት ዘመድ አለ። ትልልቅ ጆሮውን ቀስሮ ሣር ውስጥ የምትንኮሻኮሸውን አይጥ በድምፅ ብቻ ለይቶ፣ ወደ ላይ ዘሎ ከላይ ይወርድባታል። ይህን በአፍ አትናገሩት፣ ዝለሉላቸው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ዘልያለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘነጉ። ጣት ቁጠሩ ባልኩ ማግሥት ሁለት ልጆች ተቧጭረው መጡ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ልጅ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበሉም ካለ ይጠመቅ፣ ክትባቱ ግን አይቅር። ሜዳ ላይ ያገኙትን የድመት ግልገልም አቅፈው እንዳይመጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በመጨረሻ አንዱ «ጅብስ የውሻ ዘመድ ነው?» ማለቱ አይቀርም። አይደለም፣ ጅብ ዝምድናው ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል በሏቸው። ይስቁባችኋል። እኔም ላይ ስቀውብኛል፣ ያ እረኛ ልጅ ጭምር።