መብራቱን ሳታዩ ቀለም አትበጥብጡ

ውድ ልጆቼ፣

የመድረክ ዲዛይን ስትጀምሩ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እርሳስ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ፓውዛዎቹን ቁጠሩ እላችኋለሁ። ዲኮር በየዘመኑ የተለወጠው መብራቱን ተከትሎ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1641 ጣሊያናዊው የመድረክ ዲዛይነር ጃኮሞ ቶሬሊ ቬኒስ ውስጥ በመድረኩ ግራና ቀኝ የሚቆሙትን ሥዕሎች ከወለሉ ሥር በሚንሸራተቱ ጋሪዎች ላይ አቁሞ፣ ሁሉንም በገመድ ከአንድ ግንድ ጋር አሰራቸው። ግንዱ ሲዞር ከተማው ባንዴ ጫካ ይሆናል። በ1766 የተሠራው የስዊድኑ ድሮትኒንግሆልም ቲያትር እንዲህ ያለ መሣሪያ አለው፤ እንጨቱና ገመዱ ዛሬም ይሠራል። ጨርቅ ላይ የተሳለው ዓምድ እውነት የሚመስለው ግን ሻማው ደብዛዛ ስለነበር ነው። በ1817 የለንደን መድረኮች ጋዝ፣ በ1881 ደግሞ እዚያው ለንደን ያለው ሳቮይ ቲያትር ኤሌክትሪክ ሲያስገቡ የጨርቁ ሽብሽብ ተጋለጠ፤ የተሳለው ጥላም ከተዋናዩ ጥላ ጋር ተጣላ። ስዊዘርላንዳዊው የመድረክ ዲዛይነር አዶልፍ አፒያ ሥዕሉን ትቶ ደረጃና ተዳፋት ያቆመው ለዚህ ነው።

ሥዕል ተዉ ማለቴ አይደለም። የጨርቅ ግድግዳ ርካሽ ነው፣ ለጉዞም ይቀላል፤ በደንብ ይሠራ እንጂ። ለ1.2 በ3.6 ሜትር ፍሬም 2.5 በ7.5 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ይበቃል። የላይና የታች አግዳሚዎቹ ሙሉውን ስፋት ይያዙ፣ ቋሚዎቹ በመካከላቸው ይግቡ። ተገላቢጦሽ ከሠራችሁት ግድግዳው ወለል ላይ ሲጎተት የቋሚው ጫፍ ይሰነጠቃል። አቡጀዴውን ደግሞ እንደ ከበሮ አትወጥሩት፤ ትንሽ ላላ ይበል። አንድ እጅ ኮላ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ስትቀቡት ራሱ ይሰበሰባል፤ አስቀድሞ የተወጠረ ከሆነ ፍሬሙን ያጎብጠዋል። የጎበጠ ፍሬም ደግሞ ማንም አያቀናውም።

ቀለሙን በቀትር ፀሐይ ግቢ ውስጥ አትምረጡ። ስልክ ላይ ያያችሁትንም አትመኑ። 30 ሴንቲሜትር ቁራጭ ጨርቅ ቀብታችሁ መድረኩ ላይ ስቀሉ፣ የምሽቱን መብራት አብሩ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ቀይ ቀሚስ በሰማያዊ መብራት ጥቁር ይሆናል። ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብቻ ነጭ የሚሠሩት ርካሽ ኤልኢዲዎች የሰው ፊት የታመመ ያስመስላሉ፤ አልባሳቱም በዚያው መብራት ይፈተን።

ፓውዛ ከፊት ቀጥታ ስታበሩ ፊት ይጠፈጠፋል። ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ከላይ አውርዱት፣ አንዱን ሞቅ ሌላውን ቀዝቀዝ ባለ ቀለም። በዚህ ማዕዘን የሰው ጥላ ከኋላው የቁመቱን ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ ተዋናዩ ከግድግዳው 2 ሜትር ይራቅ። አለዚያ ጥላው የሳላችሁት ሰማይ ላይ ይወጣል።

እሳትን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1903 ቺካጎ ውስጥ በኢሮኮይ ቲያትር ከ600 በላይ ሰው ያለቀው መብራት መጋረጃ አቀጣጥሎ ነው፤ እሳት እንዲያግድ የተሰቀለው መጋረጃም ሲወርድ መንገድ ላይ ተሰናከለ። በአንድ ሊትር ውሃ 70 ግራም ቦራክስና 30 ግራም ቦሪክ አሲድ አሟሙታችሁ የጨርቁን ጀርባ እርጩ። ሲደርቅ ቁራጩን ደጅ አውጥታችሁ በክብሪት ሞክሩት፤ ክብሪቱ ሲነሳ ነበልባሉ መጥፋት አለበት። ጨርቁ ዝናብ ከመታው መድኃኒቱ ይታጠባል፣ እንደገና መርጨት ነው።