ወንድሜ ከእግዚአብሔር ተጣልቷል፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከጎጃም፣ ከቢቸና ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ታላቅ ወንድሜ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቷል። ደወል ሲሰማ ይቆጣል። የንስሐ አባታችንንም ከደጅ መልሷቸዋል። ስጸልይለት ካየኝ «ማን ሊሰማሽ?» ይለኛል። እንዲህ ለሚገፋው ሰው ምሕረት አለ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተዪው። እግዚአብሔርም አልተወውም።

እስቲ ሳውልን፣ በኋላ ጳውሎስ የተባለውን፣ አስቢው። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹ ልብስ የተቀመጠው በእሱ እግር ሥር ነው። ወደ ደማስቆ የወጣውም ክርስቲያኖችን አስሮ ሊያመጣ፣ ደብዳቤ ይዞ እንጂ ይቅርታ ፍለጋ አልነበረም። ጌታ ያገኘው እዚያው መንገድ ላይ ነው፣ ገና ሳይጸጸት። «የመውጊያውን ብረት ብትቃወም ለአንተ ይብስብሃል» አለው።

መውጊያ በሬ የሚነዳበት ሹል ብረት ነውና፣ ይህን ቃል የጎጃም ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ወይፈን ለእርሻ ሲቀና አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ቀንበሩን ይጥላል፣ ይራገጣል፣ ሲብስበት ትልሙ ላይ ድፍት ብሎ ይተኛል። ገበሬው ግን በዚያ ተናዶ ቢላ አያነሣም። ሥራ ከለመደው በሬ ጋር ያጣምደዋል፣ አንገቱን ያሽለታል፣ ነገም ይዞት ይወጣል። ጌታው የተወውን ከብትማ መውጊያ አይነካውም። ወንድምሽ ደወል በሰማ ቁጥር ውስጡን የሚያንገበግበው ነገር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይኸው መውጊያ ነው። እግዚአብሔርን ጨርሶ የረሳ ሰው በደወል አይቆጣም።

ጳውሎስ ራሱ በኋላ ተሳዳቢና አሳዳጅ እንደነበረ፣ ግን ምሕረት እንዳገኘ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል። ለሮሜ ሰዎችም «ጠላቶች ሳለን» ታረቅን ይላል። ጠላቶች ሳለን! ደጎች ከሆንን በኋላ አላለም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልችልም። ምሕረት በግድ አይጫንም። ፈርዖን መቅሠፍቱ ጋብ ባለለት ቁጥር ልቡን ያደነድን ነበር፣ መጨረሻውንም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ «ምንም አይደል፣ ይምረዋል» ብለሽ አትቀመጪ።

ክርስትና ስሙን ለካህኑ ስጪ፣ በቅዳሴ ያስቡት። ማታ ማታ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪለት፤ 41 ጊዜ ከከበደሽ 12 ይሁን። ከእሱ ጋር ግን አትከራከሪ። እሱ አባቱን ያጣ ሰው ነው፤ አብዛኛው ቁጣው ሐዘን ነው፣ እግዚአብሔርም ያንን ይለየዋል። ኢዮብስ በመከራው ጊዜ እግዚአብሔርን ምን ያላለው አለ?

የንስሐ አባታችሁን ለተግሣጽ ሳይሆን ለቡና ጥሪያቸው፣ ስለ አባታችሁ ያጫውቱት። ሙት ዓመቱ ሲደርስም ዳቦውን ወንድምሽ ተሸክሞ ከአንቺ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ቅጽሩ በር ላይ አስረክቦሽ ቢመለስ ምንም አትበዪው።