ልጅ ሳልወልድ «ቦርደርላይን» አሉኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ነገር ላይ ገጠሙ፦ ቦርደርላይን የሚባለው የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) እጢ።

«ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት) ነው ተብሎ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ውጤቱ ላይ ግን ቦርደርላይን ይላል። ካንሰር ነው አይደለም? 29 ዓመቴ ነው።»

እህቴ፣ መሀል ላይ ያለ ነገር ነው። ሴሎቹ ከልክ በላይ ይባዛሉ፣ መልካቸውም ይቀየራል፣ ግን እንደ ካንሰር ሥር ሰደው አይገቡም። አብዛኛው ገና ደረጃ 1 ላይ (ከኦቫሪ ሳይወጣ) ሳለ ይገኛል። በዚያ ደረጃ ከ100 ሴቶች ከ95 በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ኬሞም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ከ40 ዓመት በታች ስለሆኑ የልጅ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

«ሐኪሜ ሁለቱም ኦቫሪ ከነማህፀኑ ይውጣ አለ። አልወለድኩም።»

ከመፈረምሽ በፊት ናሙናውን በሴቶች ካንሰር ላይ የሚሠራ ሌላ ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ይየው። ይሄ እጢ በቀላሉ የሚያሳስት ነው፣ በተለይ ኦፕራሲዮኑ እየተካሄደ በጥድፊያ የሚታየው ናሙና። ከዚያ ጠይቂ፦ በአንድ ጎን ነው በሁለቱም? በአንድ ጎን ከሆነ ያን ኦቫሪ ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ እጢውን ብቻ ለቅሞ ኦቫሪውን መተውም አለ፣ ግን ያኔ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። ቢመለስም አብዛኛውን ጊዜ ያው ቦርደርላይን ሆኖ ነው፣ እንደገና በኦፕራሲዮን ይወጣል። ይህን ሂሳብ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳሽ ሐኪም ያስፈልግሻል። «አንቺ ዝም ብለሽ ፈርሚ» የሚልሽን እኔ አልወደውም።

«የአይ ቪ ኤፍ (ከማህፀን ውጭ የሚደረግ ጽንስ) መርፌው እጢውን አይቀሰቅስብኝም?»

መጀመሪያ፣ ኦቫሪያቸው ከተረፈላቸውና ከሞከሩት ግማሽ ያህሉ ያለ መርፌ ያረግዛሉ፤ ስለዚህ አትቸኩዪ። ካልሆነ ግን፣ ከቦርደርላይን በኋላ አይ ቪ ኤፍ ያደረጉ ሴቶች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ በሞት ላይ የጨመረ ነገር ግን አላሳዩም። ብዙ ሐኪሞች ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን እንዳይንር ሌትሮዞል የሚባል ክኒን አብረው ይሰጣሉ። መርፌው ከመጀመሩ በፊት ጥሩ አልትራሳውንድ ይነሳ። ሲስቱ ውስጥ እንደ አበባ ጎመን የበቀሉ ትንንሽ ጉብታዎች ከታዩ እንቁላል መሳቢያው መርፌ በዚያ በኩል ማለፍ የለበትም። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚጠብቅሽ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት እንቁላል ስለማስቀመጥ አሁኑኑ አውሪ፣ ምክንያቱም ኦቫሪ በተነካ ቁጥር የእንቁላሉ ክምችት ይቀንሳል።

«ባለቤቴ ወልዳለች። የቀረው ኦቫሪ ይውጣ?»

ወንድሜ፣ ግዴታ አይደለም፤ ውሳኔው የሷ ነው። ክትትሉ ግን አይቋረጥ፣ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመለስም አለ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ ደህና ነው ቢባልም አልትራሳውንዱን አትዝለሉት።