እግሯ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምን ላድርግ? የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ልጆች እግር ናቸው። አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

ከኮዬ ፈጬ አንዲት እናት ጽፋለች። የ4 ዓመት ልጇ ስትራመድ የእግሯ ጣቶች ይተያያሉ፣ ስትሮጥ ደግሞ እግሯ ተጠላልፎ ትወድቃለች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጌሻ ጋ ውሰጃት ይላታል፣ አማቷማ ቀን ቆርጠዋል።

እህቴ፣ እባክሽ አትውሰጃት። ማንኛውም ልጅ ሲወለድ የጭኑ አጥንት የተጠማዘዘ ነው። ዳሌ ውስጥ የሚገባው የአጥንቱ ጫፍ ወደ ፊት 40 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ይወለዳል፣ ልጁ ሲያድግ እየቀነሰ ሄዶ አዋቂ ሲሆን ወደ 15 ይወርዳል። አንዳንዱ ልጅ ላይ ቶሎ አይቀንስም፣ እግሩ ወደ ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። ማታ እግሯን ታጥባ በእርጥቡ ሲሚንቶው ላይ ስትሄድ ከፊት ሆነሽ ጉልበቷን እዪ። ጉልበቶቿም እንደ ጣቶቿ የሚተያዩ ከሆነ ነገሩ ከጭኗ ነው። ጉልበቷ ቀጥ ብሎ እግሯ ብቻ ከገባ ከጉልበት በታች ነው። ሁለቱም በአብዛኛው በራሳቸው ይስተካከላሉ፣ የጭኑ ግን እስከ 8 እና 10 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያም በኋላ በጣም የሚያስቸግራቸው ጥቂት ልጆች አሉ፣ ለእነሱ ቀዶ ጥገና አለ።

በማሸት የሚመለስ አጥንት የለም። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እግር ደግሞ ደም አልደርስ ብሎት እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ደህና እግር ይዘሽ ሄደሽ ይህን ይዘሽ እንዳትመለሺ። አማትሽን ግን አታስቀይሚ፣ ይህን አንብቢላቸው። አንድ እግሯ ብቻ ከገባ፣ ካመማት፣ ካነከሰች ወይም እየባሰ ከሄደ ለሐኪም አሳያት።

ከሰበታ፦ ልጄ ስትቀመጥ እግሮቿን በግራና በቀኝ ወደ ኋላ ታጥፋለች፣ ልቆጣት?

አትቆጫት። ዳሌዋ እንዲያ ሲሆን ስለሚመቻት ነው። በርጩማ ስጫት፣ በቃ።

ከቡራዩ፦ የጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ላልብሰው?

አይጠቅምም። ውድ የሚባለው የሕክምና ጫማም ለዚህ ጠመማ አይጠቅምም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከለገጣፎ ነው፣ ሲያሳስበኝ ሰነበተ። አባት ነው። ልጁ 2 ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ እግሮቹ እንደ ቀስት ናቸው፣ ዘግይቶ ነው የሄደው፣ የእጁ አንጓም ወፈር ብሏል። እናትና አባት ሥራ ስለሚውሉ ልጁ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተዘግቶበት ይውላል። ሰው ሁሉ ይስተካከላል እያለው ነው።

ወንድሜ፣ ያንተን ልጅ በዝምታ አትጠብቀው። እስከ 2 ዓመት ገደማ የልጅ እግር ቀስት መምሰሉ ያለ ነው። ከነገርከኝ ሁሉ ጋር ሲደመር ግን ሪኬትስ ያስጠረጥራል። በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ ነው። የ13 ወር ፀሐይ አገር ውስጥ እንዴት ይባላል፣ ግን ፀሐዩ ደጅ ነው ልጁ ቤት። በመስታወት በኩል የሚገባውም አይቆጠርም። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይታከማል፣ እግሩም ብዙውን ጊዜ ይቃናል። ነገ ጠዋት ከሥራ አስፈቅደህ ጤና ጣቢያ ውሰደው። የእጁን አንጓ አሳያቸው፣ ቤት እንደሚውል ንገራቸው፣ ደምና ራጅ የሚያዩበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉልህ። «ሲያድግ ይተወዋል» ቢሉህ አትመለስ፣ ሪፈሩን ጠይቅ። ከዚያ ያሉህን ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።