አማርኛው ለምን አይዋሃድም? መግቢያው ላይስ ለምን ይጠፋል?

የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ኡቡንቱ፣ ማለትም ስለ አንዱ የሊኑክስ ሲስተም፣ እና መስኮቶቹንና ሴቲንግሱን ስለሚያሳየው ስለ ግኖም ዴስክቶፕ

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ 24.04 ጭኜ ከሴቲንግስ ውስጥ «አምሃሪክ» የሚለውን ኪቦርድ ጨመርኩ። ስጽፍ ግን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይወጣሉ እንጂ «ሰ» ወይም «ላ» አይሆኑልኝም። የጎደለኝ ፎንት ይሆን? (አንባቢ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ፎንትስ አይደለም፤ ፎንት ቢጎድል የሚያዩት ባዶ ሳጥን ነበር። የመረጡት ተራ የኪቦርድ አቀማመጥ ነው። ተራ አቀማመጥ አንዱን ቁልፍ ከአንድ ፊደል ጋር ከማገናኘት አያልፍም። ሁለት ቁልፍ ተቀብሎ አንድ ፊደል ማውጣት የሌላ ፕሮግራም ሥራ ነው፤ ግኖም ላይ ይህን የሚሠራው አይባስ ይባላል። ይህን የአማርኛ አጻጻፍ ደግሞ ኤም17ኤን ከሚባለው ተጨማሪ ያገኘዋል።

ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍተው «አይባስ-ኤም17ኤን» የተባለውን ጥቅል አፕት በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ ይጫኑ። ስሙ በትናንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋል፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው። ፌዶራ የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ያንኑ ስም በራሱ መጫኛ በዲኤንኤፍ ይጭናሉ። ከዚያ ሎግ አውት ብለው እንደገና ይግቡ። ብዙ ሰው ይህቺን ዘሎ ነው «አልሠራም» የሚለው፤ አዲሱ ምርጫ ሳይወጡና ሳይገቡ ዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ሲመለሱ ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ ኢንፑት ሶርስስ፣ የመደመር ምልክቷ። በአጭሩ ዝርዝር አማርኛ ከሌለ ሦስቱን ነጥቦች ይጫኑ። «አምሃሪክ» ከአንድ በላይ ሆኖ ይመጣል፤ የሚፈልጉት አጠገቡ «ሴራ» የሚል ያለበትን ነው። ቀድመው የጨመሩትን ያውጡት፤ አለዚያ ቋንቋ በቀየሩ ቁጥር መሃል ላይ እየገባ ያስቸግርዎታል።

ሴራ የሚባለው አጻጻፍ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል፤ ጀማሪን ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ትንሿ ቲ «ት»፣ ትልቋ «ጥ» ናት። ኤስ «ስ» እና «ጽ»፣ ሲ «ች» እና «ጭ»፣ ኤን «ን» እና «ኝ» ይሰጣሉ። «ሽ» በኤክስ ትጻፋለች። ተነባቢው ብቻውን ሳድስ ነው፤ ግዕዙን ለማግኘት ትንሿን የእንግሊዝኛ ኢ፣ ኃምሱን ለማግኘት ትልቋን ያስከትላሉ። ስለዚህ «ቤት» ማለት ትንሽ ቢ፣ ትልቅ ኢ፣ ትንሽ ቲ ነው። አራት ነጥብ ኮለንን ሁለት ጊዜ መምታት ነው። ጽሑፉ ድንገት በ«ጥ» እና በ«ጭ» ከተሞላ ካፕስ ሎክ በርቶ ይሆናል፤ መጀመሪያ እሱን ይዩ። ይህ አጻጻፍ ካልተመቸዎት ኬይማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ለሊኑክስም አለ፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀውን የአማርኛ ኪቦርድ እዚያ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየቀያየርኩ እጽፋለሁ። ስክሪኑ ሲቆለፍ ግን አማርኛው ከምርጫው ይጠፋል። ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፤ መግቢያው በአማርኛ እየመጣ ፓስወርዱን መጻፍ አቃተው። (አንባቢ ከአዳማ)

መልስ፦ የእርስዎ ብልሽት አይደለም። ግኖም የፓስወርድ ሳጥን ሲከፈት የአይባስ ምርጫዎችን ሆን ብሎ ያወጣቸዋል። የጻፉት በነጠብጣብ በሚሸፈንበት ቦታ ፊደል ሲዋሃድ ማየት ስለማይቻል ባይኖሩ ይሻላል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ከዝርዝሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ተራ አቀማመጥ ካለ ብቻ ነው። ሁሉም የአይባስ ከሆኑ የሚተካው ስለሌለ እንዳሉ ይተዋቸዋል። «እንግሊዝኛ ምን ያደርግልኛል» ብለው አማርኛውን ብቻ ካስቀሩ ፓስወርድዎን በአማርኛ ሊመታው ነው። እንግሊዝኛውን አያውጡ።

የወንድምዎ ጉዳይ ሌላ ነው። የመግቢያው ስክሪን የማንንም ተጠቃሚ ሴቲንግስ አያይም፤ የሚከተለው መላው ሲስተም የተሰጠውን ኪቦርድ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን «አምሃሪክ» ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ለአሁኑ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የኪቦርድ ምልክት ተጭኖ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይርና ይግባ። ከገባ በኋላ ኢቲሲ ስር፣ ዲፎልት ማህደር ውስጥ ያለውን «ኪቦርድ» የሚባል ፋይል በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ይክፈትና ሌይአውት የሚለው መስመር ላይ «ዩኤስ» ብቻ ያስቀር። ኮምፒውተሩን ዳግም ሲያስነሳ ይስተካከላል። አማርኛውን ከዚያ በኋላ ከላይ እንደተባለው በራሱ ሴቲንግስ ውስጥ ይጨምረው።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ 1366 በ768 ነው። አንዳንድ መስኮት ከስክሪኑ ስለሚረዝም «ኦኬ» የሚለው ከታች ተውጦ ይቀራል። አልትና ታብ ስመታም የፈለግሁትን መስኮት በቀጥታ አይሰጠኝም። ቋንቋ በአልትና ሺፍት መቀየርም ለምጄ ነበር።

መልስ፦ የተዋጠውን ለማውጣት ሱፐርን፣ ማለትም የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ተጭነው ሳይለቁ መስኮቱን ከየትም ቦታው በማውሱ ይዘው ወደ ላይ ይግፉት። በርዕሱ ይዘው ሲጎትቱ ግኖም ከላይኛው ጠርዝ አያሳልፍዎትም፤ በሱፐር ሲሆን ግን ያሳልፋል። የሚይዙት ከመስኮቱ ታችኛው ክፍል ይሁን። ቀስቱ ራሱ የስክሪኑን አናት ከነካ «መስኮቱን አስፋው» ማለትዎ ይመስለዋል።

ግኖም በባሕርዩ በአልትና ታብ የሚያፈራርቀው ፕሮግራሞችን እንጂ መስኮቶችን አይደለም። ሦስት የፋየርፎክስ መስኮት ቢከፍቱ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ ሾርትከትስ፣ ናቪጌሽን ይግቡና «ስዊች ዊንዶውስ» ላይ ጠቅ አድርገው አልትና ታብን ይምቱ። ቀድሞ ለሌላ ተሰጥቷል ካለዎት ይተካው ይበሉት። እዚያው ኪቦርድ ገጽ ላይ ቋንቋውን ለእያንዳንዱ መስኮት ለየብቻ እንዲያስታውስ ማድረግ ይቻላል፤ ቴሌግራም በአማርኛ፣ ተርሚናል በእንግሊዝኛ እንደሆኑ ይቆያሉ። የብራውዘር ታቦች ግን በአንድ መስኮት ውስጥ ስለሆኑ አይለያዩም።

አልትና ሺፍትን ሴቲንግስ አይቀበልም፤ ሌላ ቁልፍ አብሮ እንዲመታ ይፈልጋል። ትዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነው በኪቦርድ ተጨማሪ ምርጫዎቹ ውስጥ ያገኙታል። አልትና ሺፍት ከታብ ጋር ወደኋላ መመለሻ ስለሆኑ እዚያ ላይ ይጋጩብዎታል። እኛ ሱፐርና ስፔስን መልመድ ይሻላል እንላለን።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ሎግኢን አበራሁ፤ አሁን ብራውዘር ስከፍት ለ«ኪሪንግ» ፓስወርድ አምጣ ይላል።

መልስ፦ ኪሪንግ የፓስወርዶች ማስቀመጫ ነው፤ እዚያ የተቀመጡ ፓስወርዶችዎ የተቆለፉት በመግቢያ ፓስወርድዎ ነው። ሳይጽፉት ሲገቡ መክፈቻው ከየት ይምጣ? «ፓስወርድስ ኤንድ ኪስ» ውስጥ ገብተው የ«ሎግኢን» ኪሪንጉን ፓስወርድ ባዶ ካደረጉት መጠየቁን ይተዋል፤ ነገር ግን ያኔ ሁሉም ሳይመሰጠር ዲስክዎ ላይ ይቀመጣል። ይዘውት ለሚዞሩት ላፕቶፕ አንመክርም፤ አውቶማቲኩን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ፓስወርዱ ትክክል ነው፤ ስክሪኑ ብልጭ ይልና መልሶ መግቢያው ላይ ይጥለኛል።

መልስ፦ ፓስወርዱ ቢሳሳት ኖሮ ይነግርዎት ነበር። ተቀብሎዎት ዴስክቶፑን ማስነሳት ነው ያቃተው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዲስክ መሙላት ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ይጫኑ፤ ጥቁር የጽሑፍ ስክሪን ይመጣል። ስምዎንና ፓስወርድዎን ይጻፉ፤ ፓስወርዱ ሲጻፍ ምንም አይታይም። የአማርኛ የፋይል ስሞች እዚህ ቢበላሹ አይደንግጡ፣ ይህ ስክሪን ግዕዝ ማሳየት አይችልም። ዲኤፍ ብለው ከሰረዝ ኤች ጋር ሲያዙ ከዋናው ክፍልፋይ አንጻር 100% ካለ በ«አፕት ክሊን» የወረዱትን ጥቅሎች ይጥረጉ፤ ካልበቃ ከዳውንሎድስ ትልልቁን ያጥፉ። ዲስኩ ካልሞላ የሆም ማህደርዎ ፋይሎች ባለቤት «ሩት»፣ ማለትም የሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ሆኖ እንደሁ ይዩ፤ የግራፊክ ፕሮግራም በሱዶ መክፈት ይህን ያመጣል። በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ1 ወደ መግቢያው ይመለሳሉ።

ሁለቱም ካልሆኑ ስምዎን መርጠው ፓስወርድ ከመጻፍዎ በፊት ከታች በቀኝ ጥርስ ያለባትን ምልክት ጠቅ ያድርጉና «ኡቡንቱ ኦን ኤክስኦርግ» የሚለውን ይሞክሩ። በዚያ ከገባ ችግሩ ያለው ዌይላንድ በሚባለው የስክሪን ማሳያ ሥርዓትና በግራፊክስ ካርድዎ ድራይቨር መካከል ነው። ኡቡንቱ 25.10 ላይ ግን ይህ ምርጫ የለም፤ ስለዚህ ወደዚያ ከመሻገርዎ በፊት ድራይቨሩን ያስተካክሉ።