ጅማ ላይ በግል ዩኒቨርሲቲ ለመማር ያሰባችሁ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ብዙ ዓመት በግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ሠርቻለሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጂፕ ወሬው ሁሉ ይሄው ነው። የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ጋሼ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከ600 ያመጣሁት 284 ነው። ከፍዬ ስለምማር የግሉ አይቀበለኝም?

በቀጥታ ለዲግሪ አይቀበልህም፣ ወንድሜ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ማለፊያው ለመንግሥትም ለግልም 50 በመቶ ነው። ከ600 ሲሰላ 300 መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተነው ያለፈው 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ሪሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያውን ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የተጀመረውም ለዚህ ነው። የሪሜዲያል መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ ከትምህርት ሚኒስቴር ይወጣል። እሱን ካሟላህ በግል ተቋምም መማር ትችላለህ። ከማዕከል የሚመጣ ፈተና ስላለበት ግን «እኛ ጋ ማለፍህ አይቀርም» የሚልህን አትስማ።

አጋሮ ነው የምኖረው። ልጄ አካውንቲንግ ልትማር ነው። ኮሌጁ ፈቃድ እንዳለው በምን ልወቅ?

አባቴ፣ ይህን ሳይከፍሉ መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። ለየካምፓሱ፣ ለየትምህርት ክፍሉ፣ ለመደበኛውና ለርቀቱም ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደለት ጅማም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም።

የእህቴ ልጅ በዚህ ተጎድታለች። ኮሌጁ ደብዳቤውን በመስታወት አድርጎ ከጸሐፊዋ ጀርባ ሰቅሎታል። ማኅተሙ ከሩቅ ይታያል። ሁለት ዓመት ከከፈለች በኋላ አብሬያት ሄጄ ጠጋ ብዬ አነበብኩት። የካምፓሱ ስም የሌላ ከተማ ነበር። ያ ሁሉ ብር እናቷ ቡና ሸጣ ያጠራቀመችው ነው። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የደብዳቤውን ቅጂ ይጠይቁ። የካምፓሱን ስም፣ የትምህርት ክፍሉን፣ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። ከዚያ ባለሥልጣኑን ራሱን ይጠይቁ። ቅጂ አንሰጥም ካሉ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

ምን ምን ይዤ ልሂድ?

የ12ኛ ውጤትሽን፣ ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ። ዋናውን አሳይተሽ መልሰሽ ያዢ፤ እነሱ ጋ የሚቀረው ኮፒው ነው። የከፈልሽበትን ደረሰኝ አንድም እንዳትጥዪ።

የመውጫ ፈተናው የግል ተማሪንም ይመለከታል?

አዎ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። አራት ዓመት ተምረህ ፈተናውን ካላለፍክ ዲግሪውን አታገኝም። ለዚህ ነው ስለ ክፍያው ከመጠየቅህ በፊት «አምና በዚህ ትምህርት ክፍል ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» በል የምልህ። ቁጥሩን በወረቀት ካሳዩህ ቁጭ ብለህ ስለ ክፍያው ተነጋገር።