ለልጆች መጻፍ ለምታስቡ ወጣቶች፤ ከጅማ የተላከ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ለልጆች መጻፍ እንደምትፈልጉ ነግራችሁኝ «ሐሳቡ ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በየግል መልስ መስጠት ስላልቻልሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌላችኋለሁ። በጅማ ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሦስት ልጆችም አሳድጌአለሁ፤ በእነዚሁ ዓመታት ለሕፃናት የሚሆኑ አጫጭር ታሪኮችን ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከጻፍኋቸው መካከል ልጆች «እንደገና ይነበብልን» ያሏቸውን ብቻ ለይቼ ሳስባቸው፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ «ዛሬ ምን ልጻፍ» በማለት ያገኘሁት አንድም የለም። ሁሉም የመጡት ከቤተሰቤ ጋር ከዋልሁባቸው ቀኖች ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ በእነዚያ ቀኖች አንድ ልጅ ጠይቆኝ መመለስ ካቃተኝ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የበኩር ልጄ ነበር። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ቡናው በቀላበት ወቅት፣ ለለቀማ ወደ ባለቤቴ ዘመዶች ጓሮ ሄድን። የበሰለ እሸት ቡና ሲፈለፈል ብዙውን ጊዜ ሁለት ፍሬዎች በጠፍጣፋ ጎናቸው ተጋጥመው ይገኛሉ፤ አልፎ አልፎ ግን አንዷ ሳታድግ ትቀርና ሌላዋ ብቻዋን ድብልብል ሆና ትወጣለች። ልጄ እንዲህ ያለችውን አንዲት ፍሬ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ሲያያት ቆየና «እማዬ፣ የዚችኛዋ ወንድም የት ሄደ?» አለኝ። በዚያን ጊዜ እርሱ ራሱ ወንድምም እኅትም አልነበረውም። ለምን ብቻዋን እንደ ሆነች ላስረዳው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን ጥያቄው ስለ ቡና አለመሆኑ ገባኝና ዝም አልሁ።

ያን ሌሊት ወንድሟን ፍለጋ ከቅርጫት ወደ መድረቂያው አልጋ፣ ከአልጋው ወደ ምጣድ ስለምትዞር ፍሬ ጻፍሁ። ታሪኩ መልካም ነበር፤ መጨረሻውን ግን አበላሸሁት። ስለ መተሳሰብና ስለ መተባበር አንድ ሙሉ አንቀጽ ጨመርሁበት፤ መምህር ነኝና ያለ ምክር መጨረስ ያሳፍረኝ ነበር። ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳነብላቸው እስከዚያ አንቀጽ ድረስ ትንፋሽ አልነበረም፤ አንቀጹ ሲጀመር ልጆቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ «ማታ ማታ ግን ብቻዋን ስትተኛ አትፈራም?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱ ልታውቅ የፈለገችው ይህንን ነበር፤ እኔ ደግሞ ያልጠየቀችኝን እየመለስሁላት ነበር። አንቀጹን ቆርጬ ጣልሁትና በምትኩ የመጀመሪያዋን ሌሊት ጻፍሁ። በኋላ አንድ አሳታሚ «ትምህርት ያንሰዋል» ብሎ አንቀጹ እንዲመለስ ቢጠይቀኝ አልተስማማሁም፤ ጽሑፉም አራት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬም ብሆን አልመልሰውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከልጆች ጋር ስትወጡ ልታስተምሯቸው የሰነቃችሁትን ነገር ቤት ትታችሁት ውጡ። እኔ ይህን የተማርሁት ቀስ ብዬ ነው። ከከተማችን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሁለተኛዋን ልጄን ላሳያት በወሰድኋት ቀን፣ ንጉሡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 እንደ ገዙ፣ ግዛታቸውን ከጥፋት ለማዳን ለምኒልክ ገብረው በውስጥ አስተዳደራቸው እንደ ጸኑ፣ ይህን ሁሉ ለመናገር ተዘጋጅቼ ነበር። እርሷ በእንጨት የተሠራውን ፎቅና ረጅሙን በረንዳ አይታ ስታበቃ «ንጉሡ ሌሊት ሽንታቸው ሲመጣ ይህን ሁሉ መንገድ በጨለማ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር?» አለችኝ። ታሪክ አዋቂዎች ይህን ጥያቄ ጽፈውት አላየሁም፤ ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ቤተ መንግሥትን ከቤቷ ጋር የሚያገናኘው መንገድ እርሱ ነው። ስለ ንጉሥም ሆነ ስለ ጀግና ለልጅ ስትጽፉ እንዲህ ያለውን መንገድ ፈልጉ፤ ዓመተ ምሕረቱ በኋላ ይደርሳል።

በጅማ የምታድጉ ልጆች ሌላም ሀብት አላችሁ፤ በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሲነገር እየሰማችሁ ታድጋላችሁ። አንድ እሑድ ከጎረቤቶቻችን ጋር ጉማሬ ለማየት ወደ ቦዬ ረግረግ ሄድን። ውኃው ላይ የሆነ ነገር ብቅ ሲል የጎረቤታችን ልጅ «ሮቢ! ሮቢ!» እያለ ጮኸ። ሦስተኛው ልጄ በሠፈር ልጆች ጨዋታ የሚያውቀው ሮቢ ረቡዕን ነበርና «ዛሬ እሑድ ነው እኮ!» ብሎ ተከራከረው፤ በአፋን ኦሮሞ ረቡዕም ጉማሬም ሮቢ መባላቸውን ገና አልሰማም ነበር። በዚያ ሳምንት ረቡዕ እስኪደርስ ድረስ ጉማሬው በራችን ላይ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ከዚህ የተሻለ የታሪክ መነሻ ከራሴ አፍልቄ አላውቅም። ለልጆች የሚጻፍ አማርኛ «ንጹሕ» እንዲሆን በማለት የሰፈራችሁን ድምፅ አትጥረጉት፤ ኦዱ ዱሪ፣ የጥንቱን ተረት፣ የምትነግር የጎረቤት አያት ካለችም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከእግሯ ሥር ተቀመጡ።

ሁሉም መውጫ እንዲህ አይሳካም። የእኛ አገር ዝናብ ረጅም ነው፤ ያቀድነው ጉዞ ግማሽ መንገድ ላይ ሰው ቤት ጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጠልለን ያለቀበት ቀን ብዙ ነው። እነዚያን ቀኖች እንደ ባከኑ አትቍጠሯቸው፤ ልጆች የሚያወሩት ሌላ የሚሠራ ነገር ሲያጡ ነው።

አሁን ልነግራችሁ የሚከብደኝን ልንገራችሁ። ሁለተኛዋ ልጄ ሰባት ዓመት እስኪሆናት ድረስ ጨለማ ትፈራ ነበር፤ ከዚያ ፍርሃት የተነሣም በሌሊት የሚደርስባት ነገር ነበር። እኔ ይህን ታሪክ አድርጌ ጻፍሁት፤ ስሟን ቀየርሁ፤ የብርድ ልብሷን ቀለምና የአሻንጉሊቷን ቅርጽ ግን እንዳሉ ተውኋቸው። ታሪኩ በትምህርት ቤት ሲነበብ ጓደኞቿ ወዲያው አወቋት። ለብዙ ሳምንታት ትምህርት ቤት መሄድ አልፈለገችም፤ ከሁሉ ይልቅ የጎዳኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም ነገር አለመጠየቋ ነው። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ ታሪኩንም ዳግመኛ ለማንም አላነበብሁም። የቤተሰባችሁ ሕይወት ለጽሑፍ የተሰጣችሁ ጓዳ አይደለም። ልጁ የፈራበትንና ያፈረበትን ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁት፤ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። መልስ ለመስጠት ገና ትንሽ ከሆነ ደግሞ እስኪያድግ ጠብቁ።

ስለ አጻጻፉ የምለው ጥቂት ነው። ማታ ስትመለሱ የልጁን ቃል እንዳለ ጻፉት፣ ሰዋስዉን አታርሙ፤ በማግሥቱ ከጻፋችሁት የእናንተ ቃል ይሆናል። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ወረቀቱ ታጥፎ በ16 በ16 ገጽ ስለሚታተም ነው፤ ስለዚህ ገና ስትጽፉ ገጹ የት እንደሚገለጥ አስቡ። ጽሑፉንም ማንበብ ለጀመረ ልጅ ስጡና ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ እኛ ሳናስተውል የምናልፈው ቃል ልጅን ይጥለዋል። እንግዳው እስካሁን አልመጣም ለማለት «ገና አልደረሰም» ብዬ የጻፍሁትን አንድ ተማሪዬ አጥብቆ አንብቦት፣ ስለ ገና በዓል መስሎት ዶሮው መቼ እንደሚታረድ ጠይቆኛል። ዓረፍተ ነገሩን የቀየርሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም።

ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጄን ይዤ ገበያ ወርጄ ነበር። ከአንድ ግንድ የተጠረቡ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች ከተደረደሩበት ቦታ ስንደርስ ቆመችና ጠራቢውን «አራተኛው እግሩ የት ሄደ?» አለችው። ሰውየው በትዕግሥት አስረዳት፤ ሦስት እግር ባልተስተካከለ መሬት ላይ እንኳ ሁሉም መሬት ይነካል፤ አራት ሲሆን ግን አንዱ ተንጠልጥሎ ይቀርና በርጩማው ይወዛወዛል አላት። ቤት ስንደርስ የገዛንላትን በርጩማ በድንጋዩ ላይ፣ በዋንዛው ሥር ላይ፣ በደጃፉ ጠርዝ ላይ እያስቀመጠች ተቀመጠችበት፤ እውነትም አልተወዛወዘም። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «ታዲያ አራተኛውን ማን ወሰደው?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ በደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ታሪክ ላድርገው እንደሆነ ስጠይቃት ግን መልሱን እርሷ ራሷ እየፈለገችው እንደ ሆነና ስታገኘው እንደምትነግረኝ ነገረችኝ። እስካሁን አላገኘችውም፤ እኔም ከዚያች መስመር በታች ምንም አልጻፍሁም።